የኸይረዲን ድምፅ ከነዋሽንቱ

እስቲ ያቺን ካርቶን ተመልከቷት። ሸዋ ሮቢት፣ ኮሌጁ ግቢ ውስጥ፣ ከመጋዘኑ በር በስተግራ፣ ከተሰባበሩት ወንበሮች ጎን ያለችውን። አቧራዋን ተዉት፤ የሮቢት አቧራ ማንንም አይምርም። ላይዋን ነው የምላችሁ። የሻይ ብርጭቆ ያሳረፈው ክብ አለ፤ በክቡ ላይ ሌላ ክብ፣ በዚያም ላይ ሌላ። ጠረጴዛ አድርገዋታል። ፕላስተሯ ከመጣች ጀምሮ አልተቀደደም። ውስጧ ያለው ሰርቨር የሚሉት ማሽን ነው። የአንድ ኮሌጅ ሙሉ ትምህርት፣ ሙሉ ምርምር፣ የመምህራኑን ድምፅና ጽሑፍ ይይዛል፤ አንዱ ኮምፒውተር ቢቃጠል፣ አንዱ ሰው ቢሞት ያ ሁሉ ልፋት አብሮ እንዳይቀበር ያደርጋል። ሥራው ይኸው ነው። ለዚህ መጣ፤ ብርጭቆ ተሸክሞ ቀረ።

ሰውየው ሞተ። ልፋቱም አብሮት ተቀበረ።

አሁን ደግሞ ካርቶኗ ፊት የቆመችውን ሴት እዩልኝ። ሐጂራ ትባላለች። በሮቢት ገበያ ማሾ የሸመተ ሁሉ ያውቃታል፤ ሚዛኗ ላይ ጣቷን የማታሳርፍ፣ ምላሷ ግን ማንንም የማያሳርፍ ሴት ናት። የሟቹ የመምህር ኸይረዲን ታላቅ እህት እሷ ናት። ወደዚህ የመጣችው የወንድሟን ድምፅ ፍለጋ ነው። ድምፁን ያጠፋችው ደግሞ ራሷ፣ በገዛ እጇ፣ ከፍቅር ብዛት ነው። እንዴት እንደሆነ ስሙ። ከዚያ በኋላ የምትፈርዱትን ትፈርዳላችሁ።

ሁለቱ ያደጉት ከሮቢት ወረድ ብሎ፣ ከማሽላ ማሳ መካከል ነው። ቆላ ያደገ ያውቀዋል። ማሽላው እሸት ሲይዝ ወፍ እንደ ደመና ይወርድበታል። ያኔ ከማሳው መሀል እንጨት ተተክሎ፣ ማማ ተሠርቶ፣ ወንጭፍ ተይዞ እየተጮኸ ይዋላል። እናታቸው ቤት ውስጥ የምትናገረው አማርኛ ነበር። ማማው ላይ ስትወጣ ግን ሌላ ሴት ትሆናለች። ወፉን የምትሰድበው፣ የምትለምነው፣ የምታባርረው በአርጎብኛ ነው። ከልጆቿ ጋር በአማርኛ፣ ከወፍ ጋር በአርጎብኛ።

አንድ ቀን ሐጂራ፣ "እማ፣ ምን እያልሽው ነው?" አለቻት።

"የወፍ ነገር ነው። አንቺን ምን ያደርግልሻል?"

ሐጂራም ተወችው። ኸይረዲን ግን አልተወውም። ከማማው ሥር ተቀምጦ ከሸምበቆ የሠራትን ዋሽንት እየነፋ ጆሮው ወደ ላይ ነበር።

አባታቸው ሲሞት ከሁለቱ አንዳቸው ከትምህርት ቤት መቅረት ነበረባቸው። ማን እንደቀረ አትጠይቁኝ፤ ሴቷ ናት፤ ሁልጊዜም ሴቷ ናት። ሐጂራ ገበያ ወረደች። የማሾ ጆንያ እየጎተተች፣ በሽንኩርት ወራት ሽንኩርት እየለቀመች ወንድሟን አስተማረች። እሱም አላሳፈራትም። ተምሮ መጣና እዚሁ ሮቢት ኮሌጅ ገብቶ የሰብል ትምህርት አስተማሪ ሆነ። የተመረቀ ዕለት ጥቁሩን ካባ አውልቆ ትከሻዋ ላይ ጣለላት። "ያንቺ ነው እታለም" አላት። እሷ ደግሞ፣ "አውርደው ሰውዬ፣ ይሞቃል" አለችው። እንባዋን ማንም እንዳያይ ወደ ሮቢ ወንዝ ዞራ ቆመች።

ከዚያ ያ ክፉ ጊዜ መጣ። መንገዱ ዛሬ ይከፈታል፣ ነገ ይዘጋል። ኔትወርክ ከነጭራሹ ጠፋ። ተማሪው ግማሹ ካራቆሬ፣ ግማሹ ደብረ ሲና፣ ግማሹ አሊዩ አምባ ቀረ። ኮሌጁ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? "ትምህርት በኦንላይን ይቀጥላል" የሚል ማስታወቂያ አወጣ። በኦንላይን! ኔትወርክ በሌለበት አገር! ማስታወቂያው የተለጠፈውም ተማሪ በሌለበት ግቢ፣ ግድግዳ ላይ ነው። አህያ አንብባው ይሆናል።

ኸይረዲን ማስታወቂያውን አንብቦ ዝም ብሎ ወደ እህቱ ቤት ሄደ። ጓዳዋ ውስጥ የማሾ ጆንያ እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። በጆንያዎቹ መሀል ተቀመጠና ስልኩን አወጣ።

"ምን ልታደርግ ነው?" አለችው።

"ላስተምር።"

"ማንን? ማሾውን?"

"ጆንያው ድምፅ ይውጣል እታለም። ክፍል ውስጥ ቢቀዳ ያስተጋባል፤ እዚህ ግን ጥርት ይላል።"

እንዲህ ተጀመረ። ትምህርቱን በስልኩ ይቀዳል፤ ላፕቶፑ ላይ ያስተካክለዋል፤ በትንንሽ ሜሞሪ ካርድ ይገለብጠዋል። ካርዶቹን በክብሪት ቀፎ ውስጥ ያደርግና መንገድ ከፈት ባለ ቁጥር ለሚኒባስ ሾፌር ይሰጣል። የካራቆሬውን የሚያደርሰው ታምራት የሚባል ሾፌር ነበር፤ "ዛሬ ፕሮፌሰሩን በኪሴ ይዤ ነው የምነዳው" እያለ ይቀልዳል። ተማሪዎቹ ከስልካቸው ላይ ይሰሙታል። ካርዱ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ኸይረዲን በየትምህርቱ መጨረሻ አንድ ቃል ይጨምራል፤ "ጽፋችሁ ስትጨርሱ አጥፉትና ካርዱን መልሱ፤ የሚቀጥለውን የምልከው በሱ ነው።" እነሱም ያጠፋሉ፣ ይመልሳሉ። ስለዚህ የትምህርቱ ሁሉ ማደሪያ አንዲት ላፕቶፕ ነበረች። እሷም የራሱ።

በየትምህርቱ መጀመሪያ ዋሽንት አለ። ራሱ የሚነፋት፣ ያቺ የማማ ሥር ዜማ። ሐጂራን ይህ ነገር አልዋጥልሽ አላት።

"አውጣው ይሄን ነገር፣ ኸይሩ።"

"ምኑን?"

"ዋሽንቱን ነዋ! ቢስሚላህ አይበቃህም? ትምህርት ነው ሰርግ?"

"ቢስሚላሁም አለበት። ዋሽንቱ ተማሪውን ይጠራዋል፤ ቢስሚላሁ ያስቀምጠዋል።"

"አንተ ቀልድ። ነገ ስትሞት ይሄ በየሰዉ ስልክ ሲጮህ ወንጀሉ የሚጻፈው ባንተ ነው።"

"እኔ ስሞት አንቺ ታጠፊዋለሽ" ብሎ ከት ብሎ ሳቀ።

ቀልድ ነበር። ቀልድ እንደነበር ያወቀችው ግን ከረፈደ ነው።

መንገዱ ሲረጋጋና ተማሪው ሲመለስ ሌሎቹ መምህራን ወደ ድሮው ጠመኔያቸው ተመለሱ። ኸይረዲን አልተመለሰም። አንድ ነገር ቆርቁሮታል። መጽሐፉ ስለ ማሽላ ያወራል፤ ግን ስለ ሌላ አገር ማሽላ ነው። ይፋት ውስጥ የሚዘራውን፣ ዝናብ ሲዘገይ የትኛው እንደሚያዋጣ፣ የትኛውን ወፍ እንደማይደፍረው የሚያውቁት ሽማግሌዎች ናቸው። እነሱም በየክረምቱ ይሞታሉ። ከሞቱት ጋር ስሙም ይሄዳል፤ የማሽላው ስም፣ የአፈሩ ስም፣ ከልጆቻቸው ጋር የማይነጋገሩበት ያ የአርጎብኛ ቃል። ስለዚህ በዕረፍት ቀኑ ሁሉ ስልኩን ይዞ ይወጣል። አሊዩ አምባ፣ ከዚያም ወደየመንደሩ። ያወሩለታል፤ ይቀዳል። የተቀዳውን ቆርጦ ትምህርት ያደርገዋል። ተማሪው የገዛ አያቱን ድምፅ ክፍል ውስጥ ይሰማል። አንዲት ልጅ አያቷን ሰምታ ክፍሉን ጥላ እያለቀሰች ወጣች ይባላል።

ከሁሉ የሚወዳቸው የአሊዩ አምባው አዛውንት አባ አብዱልወሃብ ነበሩ። መጀመሪያ ስልኩን ሲደቅንባቸው ጠርጠር አድርገው አዩት።

"ይሄ ዕቃ እኔ ከሞትኩም በኋላ ያወራል?"

"አዎ አባ።"

"እንግዲያ ከሚስቴ ደብቀው። በሕይወቴም ዝም በል ስትለኝ ነው የኖረችው።"

በሚቀጥለው ክረምት አባ አብዱልወሃብ ዝም አሉ። ድምፃቸው የቀረው በኸይረዲን ላፕቶፕ ውስጥ ብቻ ነው። ይህን ያውቃል፤ ስለሚያውቅም እንቅልፍ የለውም። ሰርቨሯ የመጣችው በዚህ መሀል ነው፤ በእርዳታ፣ በመኪና ተጭና፣ ፎቶ ተነስቶባት። ኸይረዲን እንደ ሕፃን ተደሰተ። አብራው የምትሠራ ሳምራዊት የምትባል የኮምፒውተር መምህርት አለች፤ "ብቻ ይስጡኝ፣ በአንድ ከሰዓት እተክላታለሁ" አለችው። ተያይዘው መጋዘን ሄዱ። የመጋዘኑ ኃላፊ ጋሽ አየለ ክፉ ሰው አይደሉም። የተደናገጡ ሰው ናቸው።

"ልጆቼ፣ ርክክብ ሳይፈረም ፕላስተር አልቀድም። ፕላስተሩን ከቀደድኩ የምቀደደው እኔ ነኝ።"

"ማን ነው የሚፈርመው ጋሼ?"

"ኮሚቴው ነዋ።"

"ኮሚቴው እነማን ናቸው?"

"ገና አልተቋቋመም።"

የኮሌጁ ዲን ዘንድ ወጡ። ዲኑ ደግሞ ማሽኑ ቀዝቃዛ ክፍል ይፈልጋል፣ ቀዝቃዛ ክፍል ደግሞ የለንም አሉ። ይህን ያሉት ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ነው። የኮሌጁ አንድ ኤሲ ከራሳቸው በላይ እየነፈሰ ነበር። ማሽኗ ሙቀት አትወድም፤ ዲኑም አይወዱም። ኤሲው ለማን እንደደረሰ ለመገመት ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም።

ኸይረዲን ተመላለሰ። ከሐጂራ ጋር ገበታ በቀረበ ቁጥር ወሬው ይኸው ሆነ። "ዛሬስ?" ትለዋለች። "ዛሬም ብርጭቆ ተሸክማለች" ይላታል። ሐጂራ ሰርቨር ምን እንደሆነ በቅጡ አልገባትም። ወንድሟ የሚጓጓላት አንድ ካርቶን እንዳለች ብቻ ገብቷታል። "ምነው ባገባህ" ትለዋለች፤ "እንዲህ ለሴት ብትመላለስ እስካሁን ሦስት ልጅ ነበረህ።"

ቆላ ያደገ ሰው ወባን እንደ ባላገር ዘመድ ነው የሚያያት። በየዓመቱ ትመጣለች፤ ትቆያለች፤ ትሄዳለች። ያን ጊዜ ስትመጣበትም ኸይረዲን ቦታ አልሰጣትም። ብርድ ብርድ እያለው፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በማሾው ጆንያ መሀል ተቀምጦ ትምህርት ቀዳ። ሐጂራ ከውጭ ሆና ሰማችው፤ ዋሽንቱ ትንፋሽ አጥሮት ይንቀጠቀጥ ነበር። "ተኛ እባክህ" አለችው። "ይቺን ልጨርስ" አላት። በማግስቱ ሰው መለየት አቃተው። በሰው መኪና አሳፍረው ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው ሆስፒታል ወጡ። ጭንቅላቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠመዝማዛውን ተያያዙት። አየሩ እየቀዘቀዘ ሲመጣ፣ "አይዞህ፣ ደጋ ገባን" አለችው። ደብረ ሲና ሳይደርሱ ሾፌሩ በመስታወት አይቷት መኪናውን አቆመ። ወደ ሮቢት አዞረው።

ገላውን ያጠቡት ወንዶች ናቸው። የከፈኑት፣ የሰገዱበት፣ ጉድጓድ ያወረዱት ወንዶች ናቸው። ሐጂራ ያሳደገችውን ልጅ ከደጃፍ ቆማ ሸኘችው። ሴት እህት ለወንድሟ የመጨረሻውን ውሃ አታፈስም፤ ወጉ ነው፤ አልተከራከረችም። እጇ ግን ባዶውን ቀረ። ይህን ልብ በሉልኝ። እጇ ባዶውን ቀረ።

በተዕዚያው፣ በለቅሶው ላይ፣ ሴቶቹ ከበዋታል። ጎረቤቷ አሪፋ ጠጋ ብላ በጆሮዋ፣ "ሐጂራዬ፣ ስልኩን አጸዳሽለት?" አለቻት።

"ምኑን?"

"ዘፈን ምናምን ካለበት ነዋ። የኔ አጎት ሲሞት ወዲያው ነው ያጠፋንለት። ሰዉ በከፈተው ቁጥር ለሟቹ ይጻፍበታል ይባላል። ይከብደዋል እኮ ቀብር ውስጥ።"

አሪፋ ተንኮል የላትም። እንዲህ ያለ ነገር ቆላውም ደጋውም፣ ከተማውም ገጠሩም ይባባለዋል፤ ለሟቹ አዝኖ ነው። ሐጂራ ግን የሰማችው የአሪፋን ድምፅ አልነበረም። "እኔ ስሞት አንቺ ታጠፊዋለሽ" የሚለውን ሳቅ ነው። ኑዛዜ መሰላት። ለካ ለኔም የቀረልኝ ሥራ አለ አለች። ገላውን አላጠብኩም፤ ይህን አጥብለታለሁ።

ስልኩንና ላፕቶፑን በሻሽ ጠቅልላ መናኸሪያው ጋ ሞባይል ወደሚጠግነው ወደ ሱፍዋን ሄደች።

"አጥፋልኝ" አለችው።

"ምኑን እትዬ ሐጂራ?"

"ሁሉንም። ዘፈኑን፣ ዋሽንቱን፣ ያለውን ሁሉ። እንደ አዲስ ይሁን።"

"ሁሉንም? ፎቶም ሊኖርበት ይችላል… እርግጠኛ ነዎት?"

"ወንድሜ ቀብር ውስጥ ነው ያለው ሱፍዋን። አታስለምነኝ።"

ምን ይበል ልጁ? ሐዘንተኛ ፊቱ ቆማ። አጠፋው። ሐጂራም በዚያው ላፕቶፑን ዩኒቨርሲቲ ለደረሳት ለአንዲት የቲም፣ ወላጅ አልባ ልጅ ለነፍሱ ሶደቃ ሰጠች። ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እህል ቀመሰች። ቀለላት።

ሳምራዊት የመጣችው ሐዘንተኛው ከተበተነ በኋላ ነው። ቀብሩ ላይ ነበረች፤ በየቀኑም መጥታ ጥግ ይዛ ተቀምጣለች። ሆዷ ውስጥ የምትጠይቀው አንድ ነገር ነበራት። ግን ለቅሶ ላይ ኮምፒውተር አይጠየቅም። "ሰውየው ሳይቀዘቅዝ ዕቃውን አሉ" ይባላል። ስለዚህ ዋጥ አድርጋ ጠበቀች። አያችሁ? አንዷ ለሟች አዝና አጠፋች፣ ሌላዋ ለሐዘንተኛ አዝና ዘገየች። በሁለት መልካም ሰዎች መሀል ነው የወደቀው።

"እትዬ ሐጂራ፣ ካላስቸገርኩዎት አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።"

"ጠይቂ ልጄ።"

"የኸይሩን ላፕቶፕ… ትምህርቶቹን ገልብጬ ወዲያው እመልስልዎታለሁ። አንድ ቀን ብቻ።"

"ላፕቶፑንማ ሰጠሁት። ሶደቃ አደረግኩለት። አጽድቼ።"

"አጽድተው ማለት?"

"አስጠፋሁታ! ዘፈኑን፣ ምኑንም ምኑንም።"

ሳምራዊት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ ያዘች። ሐጂራ ፊቷን አየችው። የገበያ ሴት ናትና የሰው ፊት ማንበብ ትችላለች።

"ምን ነበረበት?" አለቻት ቀስ ብላ።

"ሁሉም። ያስተማረው ሁሉ። ያ ሁሉ ዓመት የቀዳቸው ሽማግሌዎች፣ አባ አብዱልወሃብ…" አለችና ቆመች። ልትተወው ፈለገች፤ አልተቻላትም። "እናታችሁም አሉበት። የመጀመሪያው እሳቸው ናቸው። ከመሞታቸው በፊት ማማ ላይ ወፍ ሲያባርሩ ሳያዩት ቀድቷቸው ነበር። የሚሉት ምን ማለት እንደሆነ ከአባ አብዱልወሃብ ጠይቆ በአማርኛ ጽፎት ነበር። ሲጨርስ ለርስዎ ሊያሰማዎት ነው የደበቀው።"

ሐጂራ አልጮኸችም። ከልጅነቷ ጀምሮ በየሐድራው፣ በየጸሎቱ ጉባኤ፣ የሰማችው አንድ ቃል አለ። ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፤ ከሦስት ነገር በቀር። አንደኛው ሰዎች የሚጠቀሙበት ዕውቀት ነው። ማንም ሊያስታውሳት አላስፈለገም። ራሷ ታውቀዋለች፤ ቢጠይቋት ከነማብራሪያው ትነግራቸው ነበር። ያንን ቃልና ያቺን ላፕቶፕ ግን አንድ ላይ አስባቸው አታውቅም። የወንጀሉን በር የዘጋሁ መስሎኝ የአጅሩን፣ የምንዳውን በር በላዩ ዘጋሁበት አለች በልቧ። እናቴንም ከወፎቿ ጋር።

"ኢና ሊላሂ" አለች። ወንድሟ የሞተ ቀን ካለችው ይልቅ ይህኛው ከጥልቅ ወጣ።

ሱፍዋን ያልሞከረው የለም። የቲሟን ልጅ ካለችበት ዩኒቨርሲቲ አስደውለው ላፕቶፑን አስመጡ። ልጅቱ ጽሑፏን፣ ስዕሏን፣ ፊልሟን ሞልታበታለች። ሱፍዋን ቀናት ታገለና ራሱን ነቀነቀ።

"ላዩ ላይ ሌላ ተጽፎበታል እትዬ። ግድግዳ ቀለም ከተቀባ በኋላ ከሥር ያለውን አንብብ እንደማለት ነው። ስልኩም ያው ነው።"

ልጅቱ እያለቀሰች፣ "ውሰዱት፣ ይቅርብኝ" አለች። ሐጂራ በሻሹ ጠቅልላ መልሳ አስታቀፈቻት። "ሂጂ ተማሪበት። አንቺም ከቀረሽ ምን ተረፈው?"

ታዲያ ኮሌጁ ምን አደረገ? በዓል ደገሰ። የኸይረዲንን ፎቶ በትልቁ አሳትሞ በር ላይ ሰቀለ፤ "የቴክኖሎጂ ፋና ወጊው መምህራችን" የሚል ጽሑፍ ከሥሩ። ሐጂራን ከፊት ረድፍ አስቀመጧት። ዲኑ ተናገሩ፣ ረዥም ተናገሩ። መጨረሻ ላይም "ሥራዎቹ ለትውልድ ይተላለፋሉ!" አሉ። ተጨበጨበ። መስታወት የገባ የምስክር ወረቀት አመጡና ሰጧት።

ሐጂራ ወረቀቱን ይዛ አልተቀመጠችም።

"የትኞቹ ሥራዎች?" አለች።

ዲኑ ፈገግ ብለው፣ "ሥራዎቹ ሁሉ፣ እናቴ" አሉ።

"የት ነው ያሉት? ልስማቸዋ። እኔ አጥፍቻቸዋለሁ፤ እናንተ ግን ይተላለፋሉ እያላችሁ ነው። ካላችሁ አምጡልኝ፤ መሬት ስሜ እወድቅላችኋለሁ።"

ማንም አላመጣም። አንዱ ሳለ። ማይክሮፎኑ ጮኸ።

"እንግዲያ ያቺን ካርቶን አሳዩኝ" አለች።

አሁን ወደ ጀመርንበት ደረስን። ጋሽ አየለ ቁልፋቸውን እያንቀጫቀጩ ከፊት፣ ሳምራዊት ከጎኗ፣ ሐጂራ ወረቀቷን በብብቷ ይዛ ወደ መጋዘኑ መጡ። ካርቶኗ ላይ ግማሽ ሻይ ያለበት ብርጭቆ ነበር።

"ይቺ ናት?"

"እሷ ናት እትዬ" አለች ሳምራዊት።

"ይቺን ቢከፍቷት ኖሮ…"

"ሁሉም እዚህ ውስጥ ይሆን ነበር። እርስዎ ላፕቶፑን እሳት ውስጥ ቢጥሉት እንኳ።"

ሐጂራ እጇን ካርቶኑ ላይ አሳረፈች፤ ትኩሳት እንዳለበት ልጅ ግንባር።

"ይክፈቱት ጋሽ አየለ።"

"እመቤቴ፣ ርክክቡ…" አሉ ጋሽ አየለ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል፤ እጃቸው ግን አልተንቀሳቀሰም። እንዲህ ነው እንግዲህ የኛ አገር ሐዘን! እንባው ይፈስሳል፤ ፕላስተሩ አይቀደድም።

ሐጂራ ብርጭቆውን አነሳች። መስታወት የገባውን የምስክር ወረቀት ካርቶኑ ላይ አጋደመችና ብርጭቆውን መልሳ በላዩ አስቀመጠችው፤ በወርቃማው ማኅተም ላይ።

"ለሻዩ ይሁናችሁ። ካርቶኑ እንዳይበላሽ" ብላ ወጣች።

ሐጂራ ባታውቅ ነው ያጠፋችው። ያወቁትስ? ዲግሪ ያላቸው፣ ስብሰባ የተሰበሰቡበት፣ "ዲጂታል" ከምትለዋ ቃል ውጭ ዓረፍተ ነገር መጨረስ የማይችሉትስ? እሷ በአንድ ከሰዓት ሐዘን ነው የሳተችው። እነሱ በየማለዳው እያወቁ፣ በላዩ ሻይ እየጠጡበት ነው የሳቱት። ፎቶውን ሰቀሉ፤ ድምፁን ለመስቀል ግን አንድ ፊርማ አጡ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሐጂራ ገበያ ከመውረዷ በፊት መናኸሪያ ትቆማለች። የሚኒባስ ሾፌር ሁሉ ለምዷታል። "ካርድ አላገኛችሁም? የክብሪት ቀፎ ውስጥ፣ ወንበር ሥር ወድቆ…" ትላቸዋለች። አንዳንዱ ያዝንላታል፤ አንዳንዱ፣ "ክብሪት ካስፈለገሽ ልግዛልሽ" ብሎ ይቀልዳል። ትስቅለታለች፤ ደግሞ ትጠይቀዋለች።

አንድ ጠዋት ታምራት፣ ያ የካራቆሬው ሾፌር፣ ሚኒባሱን እንዳቆመ ሮጦ መጣ። ጋቢናውን ሲያጸዳ ከንጣፉ ሥር የተጨፈለቀ የክብሪት ቀፎ አግኝቷል። ውስጡ ካርድ አለ። ሳይመለስ የቀረ፣ ሳይጠፋ የቀረ። ሐጂራ ቀፎውን በሁለት እጇ እንደ ጫጩት ይዛ ሱፍዋን ሱቅ ገባች። ሱፍዋን ካርዱን በጨርቅ ጠራርጎ ኮምፒውተሩ ውስጥ ከተተው።

"አንድ አለ" አለ። "ግን ተጎድቷል። ጥቂት ነው የተረፈው።"

"ክፈተው።"

ዋሽንቱ መጣ። ከመናኸሪያው ጥሩምባና ከረዳቶቹ ጩኸት በላይ፣ ቀጭን ሆኖ፣ ያቺ የማማው ሥር ዜማ። ከዚያም የወንድሟ ድምፅ፤ "ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ተማሪዎች እንደምን ናችሁ? ዛሬ የምንማረው ስለ…"

ቆመ። በቃ። ከዚያ ወዲያ የለም። ትምህርቱ የለም፤ ሽማግሌዎቹ የሉም፤ እናቷም ወፎቿም የሉም። የተረፈው ያ እንዲጠፋ የለመነችው ዋሽንት ነው።

"ድገመው" አለች።

ደገመው። ታምራት በሩ ላይ ቆሞ ፊቱን አዞረ።

"እትዬ፣ ዋሽንቱን ቆርጬ ቢስሚላሁንና ንግግሩን ብቻ ልተውልዎት?" አለ ሱፍዋን፤ አዝኖላት።

"እንዳትነካት!" አለች ሐጂራ። "ወንጀል ካለው በኔ ይጻፍ። ድገመው።"

ይኸው ነው። ዛሬም ያቺን ቁራጭ በስልኳ ይዛ በማሾ ጆንያዎቿ መሀል ተቀምጣ ትሰማታለች። "ዛሬ የምንማረው ስለ…" ይላታል፤ "ስለ ምን ወንድሜ?" ትለዋለች።

የመጋዘን ቁልፍ የያዛችሁ፣ ወሬዬ ካናደዳችሁ ደግ፤ ከንዴታችሁ ጋር ሄዳችሁ ያንን ፕላስተር ቅደዱት። ለናንተ ሌላ ቃል የለኝም።

ለናንተ ግን፣ በዚያ ክፉ ጊዜ በካራቆሬ፣ በደብረ ሲና፣ በአሊዩ አምባ ሆናችሁ የክብሪት ቀፎ ለጠበቃችሁ፣ አንድ ልመና አለኝ። "አጥፉትና መልሱ" ሲላችሁ ያልታዘዛችሁት ትኖሩ ይሆናል። ካርዱን ሳትመልሱ ቀርታችሁ፣ ወይም ደስ ብሏችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀርታችሁ ይሆናል። አታፍሩ። ስክሪኑ የተሰነጠቀውን አሮጌ ስልክ ከሣጥን ሥር አውጡት፤ ቻርጅ አድርጉት፤ ፈልጉ። የአንድ ሽማግሌ ሳል፣ የአንዲት እናት የወፍ ጩኸት፣ የአንድ ትምህርት ግማሽም ቢሆን ካገኛችሁ፣ ሮቢት ገበያ ማሾ ተራ ውረዱና ለሐጂራ ስጧት። እባካችሁ፣ ምንም ሳትቆርጡ፣ ከነዋሽንቱ።